ወታደር ስንት ሙያ ይበቃዋል?

አወያይ፦ እንዴት አመሻችሁ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? የዛሬው ክርክራችን ባለፈው ሳምንት ሳይቋጭ ያደረው ነው። አንድ ወታደር በአገልግሎት ዘመኑ አንድ ሙያ ይዞ ይዝለቅ ወይስ ሁለተኛም ይጨመርለት? መድፈኛው መገናኛ ይማር ወይ፣ ሾፌሩ ጥገና ይማር ወይ ነው ነገሩ። ፖለቲካ የሚያመጣ ከግሩፑ ይወጣል። ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

የመንዝ ልጅ፦ ይሄ ደግሞ ምኑ ያከራክራል? «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው አባቶቻችን ጨርሰውታል። ይማር!

ጡረተኛው ሻምበል፦ ልጄ፣ ባላ አንዴ ከተከልከው ይቆማል። ሙያ ግን ካልሠሩበት ይጠፋል። እኔ የመገናኛ ሰው ነበርኩ። ሬዲዮ የተማረ ልጅ ለወራት ሳይነካው ከቆየ እጁ ይከብዳል፤ የጥሪ ሥርዓቱም ይምታታበታል። ደም ማቆም የተማረውም እንዲሁ ነው። ዝርዝር ላይ ስሙ ፊት ሁለት ሙያ ይጻፋል፣ ጭንቅ ሲመጣ ግን አንዱንም በወጉ አይዘውም። ሌላም አለ። አለቃ ሁለት ሙያ ያለው ሰው ሲያገኝ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል? የሁለት ሰው ሥራ ይጭነዋል። ደመወዙ ያው የአንድ ሰው ነው። ክፍት ቦታው በወረቀት ስለተሞላ አዲስ ሰው ይላክልን የሚልም አይኖርም።

ነርሷ ከደብረ ሲና፦ ሻምበል፣ ሰው ሲጎዳስ? ቡድን ውስጥ አንድ ሐኪም ብቻ ካለና እሱ ከወደቀ ማን ያክማል? የአሜሪካ ጦር ልዩ ኃይል መሠረታዊ ቡድኑ 12 ሰው ነው። የመሣሪያ፣ የምህንድስና፣ የሕክምናና የመገናኛ ባለሙያዎች ሁለት ሁለት ናቸው። ቡድኑ ለሁለት ቢከፈል በሁለቱም ወገን አራቱም ሙያ ይገኛል። በዚያ ላይ አንዱ የሌላውን ሥራ ይለማመዳል።

ጡረተኛው ሻምበል፦ ሲስተር፣ ጥሩ ምሳሌ አመጣሽልኝ። እዚያ የሕክምናው ሰው ለራሱ ሙያ ስንት ጊዜ ይማራል?

ነርሷ ከደብረ ሲና፦ የሕክምናው ክፍል ብቻውን አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ጡረተኛው ሻምበል፦ በቃ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ አንዱን ጥልቅ አድርጎ ይያዝ። የጓደኛውን ሥራ የሚለማመደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ክፍተት እንዲሸፍን እንጂ ሐኪሙን እንዲተካ አይደለም። አንዳንድ ቦታ የሚታየው ግን የሳምንታት ኮርስ ሰጥቶ «ባለ ሁለት ሙያ» ማለት ነው።

የመንዝ ልጅ፦ አበበ ቢቂላስ? የእኛው አካባቢ ሰው አይደለም እንዴ? ከደብረ ብርሃን ብዙም የማይርቀው የጃቶ ልጅ! ክብር ዘበኛ ሆኖ አይደል ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው? ሩጫ ሁለተኛ ሙያው ነበር።

ጡረተኛው ሻምበል፦ አበበን አታምጣብኝ፣ አበበ አንድ ነው። ደግሞ ስዊድናዊው ኒስካነን የያዘው አሰልጣኝ ሆኖ ነው። በትርፍ ሰዓት የተሠራ ነገር አይደለም።

ጋራዡ (ደሴ መንገድ)፦ እስኪ እኔም ልናገር። ሠራዊት የገባሁት እግረኛ ሆኜ ነው። በኋላ ተሽከርካሪ ጥገና አስተማሩኝ። ዛሬ በዚህ ብርድ ጠዋት ጠዋት የማይነሳ ናፍጣ ሞተር እያስነሳሁ ልጆቼን አሳድጋለሁ። እግረኛነቴን ብቻ ይዤ ብወጣ ኖሮ የሚጠብቀኝ የፋብሪካ በር ጥበቃ ነበር። ጥበቃን ንቄ አይደለም፣ አብረውኝ ያገለገሉ ብዙዎች የሚሠሩት እሱን ነው። ግን ወታደር ከሲቪል ሠራተኛ ቀድሞ፣ ገና ጉልበት እያለው ነው የሚሰናበተው። የቀረውን ዕድሜ በምን ይብላ?

ጡረተኛው ሻምበል፦ ወንድሜ፣ የአየር ኃይልን ሰዎች እያቸው። ቢሾፍቱ አውሮፕላን ጥገና ተምሮ፣ ሲወጣ አየር መንገድ የገባ አለ። ሁለተኛ ሙያ አላስፈለገውም። አንዱን አጥብቆ ያዘ፣ እሱው አበላው።

ጋራዡ፦ ሻምበል፣ አውሮፕላን ሲቪልም አለው። መድፍ ግን ሲቪል የለውም! ታንከኛው ጎበዝ በሆነ ቁጥር ውጭ ማን ይቀጥረዋል? የእርስዎ ክርክር ለመካኒኩና ለሐኪሙ ይሠራል፤ ለተዋጊው አይሠራም። ተዋጊው ደግሞ ብዙ ነው።

አወያይ፦ ይሄን ማንም አላነሳውም ነበር።

ጋራዡ፦ አልጨረስኩም። ሠራዊቱ ሁለተኛ ሙያ ሲል የሚፈልገው የራሱን ቀዳዳ መድፈን ነው፣ መድፈኛው ሬዲዮ እንዲያውቅለት። ወታደሩ የሚፈልገው ደግሞ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ማሽን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አጨፍልቀን ነው የምንከራከረው። የኔ ደግ ሆኖልኝ ሁለቱም ገጠመ። ያም ሆኖ ስወጣ የያዝኩት ወረቀት እዚህ አልሠራም። ቴክኒክና ሙያ ሄጄ፣ ከትናንት ልጆች ጋር ተሰልፌ ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈተንኩ። ሥራውን ችዬው እኮ ነው!

እናት ከሸዋ ሮቢት፦ ልጄ 12ኛ ጨርሶ ልመዝገብ እያለኝ ነው። ምን ልበለው እናንተዬ?

ነርሷ ከደብረ ሲና፦ እትዬ፣ ሲገባ የት እንደሚመደብ እሱ አይመርጥም። ምድቡን የሚወስነው ሠራዊቱ ነው። ኮርስ ሲወጣ ግን እጁን ያውጣ። ወረቀቱ ውጭ ይሠራ እንደሆነም ቀድሞ ይጠይቅ።

ጡረተኛው ሻምበል፦ ሲስተር ልክ ናት። እኔም ለጋራዡ ትንሽ ልልቀቅ። ለተዋጊው የውጭ ሙያ ይሰጠው፣ ግን መጀመሪያ ዋና ሥራው ላይ ይብሰል፤ ምልምል ሳለ አይሆንም። ለውስጥ ክፍተት የሚሰጠው ሁለተኛ ሙያ ደግሞ በየዓመቱ ፈተና ይኑረው። ያላለፈ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

ጋራዡ፦ ያለፈው ደግሞ ይከፈለዋ!

ጡረተኛው ሻምበል፦ እሱን ለበጀት ሰዎች ንገራቸው።

የመንዝ ልጅ፦ ምልምል ሳለ አይሆንም ያሉት አልገባኝም፣ ሻምበል። ወጣት ጭንቅላት አይደል ቶሎ የሚቀበለው?

ጡረተኛው ሻምበል፦ ቶሎ የተቀበለ ቶሎ ይረሳል። ነገ እንቀጥላለን፣ መብራት ሊሄድብኝ ነው።