የራስን ርዕስ ይዞ ፖርታል መክፈት፦ አዲሶቹን የሞከረ አለ?

ሌሊት_ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ማንም ተጠቃሚ ስለሚወደው ርዕስ የራሱን ፖርታል የሚከፍትባቸውን አዳዲስ ድረ ገጾች እየሞከርኩ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ርዕስ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ሊንክ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮና አጭር ጽሑፍ በየሳጥኑ እያስገባችሁ ገጹን ትሞላላችሁ። ኮድ መጻፍ የለም። ሌላው ሰው ገጹን ይከተላል፣ ሊንክ ይጠቁማል፣ አንዳንዱ ላይ አብሮ ማስተካከልም ይችላል።

የኔ ርዕስ ሰማይ ነው። ቴሌስኮፕ ሳይገዙ በተራ ባይኖኩላር ምን ምን ማየት እንደሚቻል ለጀማሪ የሚያሳይ አንድ ቦታ እንዲኖር በጣም እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚቀር ነገር ነው። 10 በ50 የሚባለውን (አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ይዛችሁ እጃችሁን በደንብ ካስደገፋችሁ የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ታያላችሁ፤ ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው እነዚያኑ ናቸው። ይህን የሚያስረዳ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ችግሩ ተበታትኗል። ጥሩው ጽሑፍ አንድ ቦታ፣ ቪዲዮው ሌላ ቦታ፣ የኮከብ ካርታው ደግሞ ማንም በማያገኘው ጥግ።

እስካሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ገጽ መክፈቱ ደቂቃም አይፈጅም። መልኩም ያምራል። ግን ሌሎች የከፈቷቸውን ፖርታሎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ ርዕስ አለ፣ የሚያምር ፎቶ አለ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ሊንክ፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ዞር ብሎ አላየውም። አንዱ ድረ ገጽ ደግሞ ርዕሱን ገና እንደጻፍኩ ባዶ ሳጥኖቹን ራሱ በኤአይ ሞላልኝ። ካስገባቸው ሊንኮች አንዱ የቴሌስኮፕ መሸጫ ነበር፣ ሌላው ስለ ኮከብ ቆጠራ፣ በተወለድክበት ወር ዕጣህን እወቅ የሚለው ዓይነት። ሌላኛው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ያስገባሁትን ሁሉ አውጥቼ ኮምፒውተሬ ላይ ላስቀምጥ ብዬ መንገዱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኸው ነው። ቁም ነገር ብዬ ልያዘው ወይስ ጊዜ ማባከን ነው? ከያዝኩትስ የትኛው ይሻላል፣ ብቻዬን የማዝበት ገጽ ወይስ ሁሉም የሚያስተካክለው ዊኪ? ደግሞስ ሰው ሁሉ ቻትቦት በሚጠይቅበት በዚህ ጊዜ የሊንክ ስብስብ የሚያይ አለ?


የድሮ_ማውጫ፦

ወንድሜ፣ ያዘው። ግን ከመጀመርህ በፊት ይህ ነገር አዲስ እንዳልሆነ እወቅ፤ የቀደሙት እንዴት እንዳለቁ ማየት በጣም ይጠቅምሃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ያሁ በ1994 ሲጀመር ራሱ ሰዎች በእጃቸው በየርዕሱ የሚደረድሩት የሊንክ ማውጫ ነበር። በዚያው ዓመት ጂኦሲቲስ መጣ፤ እዚያ ተጠቃሚው እንደ ሰፈር በተከፋፈሉ ርዕሶች ውስጥ የራሱን ገጽ በነፃ ይሠራ ነበር። በ1998 ዲሞዝ የሚባል ሌላ ማውጫ ተከተለ። እሱን የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ዘርፍ ይዞ። በ2005 የመጣው ስኩዊዱ ደግሞ አንተ አሁን ከምትሞክራቸው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፦ ለአንድ ርዕስ አንድ ገጽ፣ ሳጥን በሳጥን፣ ከማስታወቂያው ገቢም ለሠራው ሰው ድርሻ ይሰጥ ነበር። ጉግልም በ2008 ኖል የሚባል ከፈተ፤ ሰው በስሙ ስለሚያውቀው ርዕስ የሚጽፍበት።

አሁን የት አሉ? ጂኦሲቲስን ያሁ በ1999 ገዛው፣ በ2009 ዘጋው። ኖል በ2012 ተዘጋ። ስኩዊዱ በ2014 ሃብፔጅስ በሚባል ተመሳሳይ ድረ ገጽ ተጠቀለለ፣ የያሁ ማውጫም በዚያው ዓመት መጨረሻ አበቃ። ዲሞዝ እስከ 2017 ቆየ።

ለምን አለቁ ካልክ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ማውጫዎቹን የፍለጋ ሞተሩ ቀደማቸው፤ ድረ ገጹ በሚሊዮን ሲቆጠር በእጅ መደርደሩ አልተቻለም። እንደ ስኩዊዱ ያሉትን ግን የጎዳቸው ገንዘቡ ይመስለኛል። በገጽ ብዛት ገቢ የሚገኝ ከሆነ ሰው ስለማያውቀው ርዕስ ሁሉ ገጽ መክፈት ይጀምራል። ጉግል በ2011 ፓንዳ የሚባለውን ማስተካከያ ሲያመጣ ለፍለጋ ተብሎ ብቻ የተጻፈውን ስስ ጽሑፍ ወደ ታች አወረደው። ከፍለጋ በሚመጣ ጎብኚ ብቻ የሚኖሩ ድረ ገጾች ተጎዱ፣ እዚያው ውስጥ ለርዕሱ ከልቡ የለፋው ሰውም አብሮ። ስለዚህ አዲስ ፖርታል ስታይ ይህ ድረ ገጽ በምን ይተዳደራል ብለህ ጠይቅ። መልሱ ካልተገኘ ዕድሜው አጭር ነው ብለህ ተዘጋጅ።

ዋናው ነገር ግን ሲዘጉ የተጠቃሚው ልፋት ምን ሆነ የሚለው ነው። የዲሞዝ ዳታ ማንም እንዲወስደው ክፍት ስለነበር ኩርሊ የሚባል ተተኪ ከእሱ ተነስቶ ቀጠለ። ኖል ሲዘጋ ጉግል ጽሑፉን ወደ ዎርድፕረስ፣ ማለትም ወደ ብሎግ መሥሪያው፣ የሚያሸጋግር መንገድ ሰጥቶ ነበር። ከጂኦሲቲስ ግን የተረፈው በጎ ፈቃደኞችና የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ገጾቹ ከመዘጋታቸው በፊት ተሯሩጠው የቀዱት ነው። ያልደረሱበት ጠፋ። የስንት ሰው ልፋት ነው።

ስለዚህ መልኩን ተወውና ከሁሉ በፊት መውጫውን ፈልግ። ሴቲንግ ውስጥ ግባ፣ ኤክስፖርት የሚል ካለ ጥቂት ሊንክ ከነማስታወሻው አስገብተህ አውጣውና ፋይሉን ክፈተው። የጻፍከው ከየሊንኩ ጋር አብሮ ወጥቷል ወይስ ባዶ አድራሻ ብቻ ነው? ሊንኩን ሰጥቶ አንተ የጻፍከውን የሚያስቀር አለ፤ እሱን ኤክስፖርት አልለውም። ያ መውጫ ያጣህለት ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ከእንግዲህ አንድ መስመር አትጨምር።


ክርና_መርፌ፦

ሰላም ሌሊት ተመልካች። እኔ የድሮ የልብስ ስፌት መኪና ጥገና ላይ ገጽ አለኝ፣ ብቻዬን ነው የምይዘው። ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ይዘቱ ነው።

ሰው ወደ ገጽህ የሚመጣው ሊንክ አጥቶ አይደለም። ሊንክማ ፍለጋው ያዘንብለታል። የሚመጣው የቱን ልክፈት ብሎ ነው። ስለዚህ ጉልበትህን ከሊንኩ ሥር በምትጽፋት ማስታወሻ ላይ አውለው። በራስህ ርዕስ ላሳይህ። ስቴላሪየም የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም መቼም ታስገባዋለህ። ብዙ ሰው «ስቴላሪየም፣ ምርጥ የኮከብ ፕሮግራም» ብሎ ያልፋል። አንባቢው ምን አገኘ? ምንም። እንዲህ ብትለውስ፦ «ስቴላሪየም፣ ነፃ ነው። ያለህበትን ቦታና ሰዓቱን ስትሰጠው በዚያች ሰዓት ከራስህ በላይ ያለውን ሰማይ ያሳይሃል። ይዘኸው ውጭ ስትወጣ የሌሊት ሞዱን አብራው፣ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል። ዓይንህ ጨለማውን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ነጭ ብርሃን ግን በአንድ አፍታ ያበላሽብሃል።» ይህን ያነበበ ሰው ሊንኩን ሳይከፍት እንኳ አንድ ነገር ይዞ ሄዷል። ፕሮግራሙን ውጭ አውጥተህ የተጠቀምክበት መሆንህም ያስታውቃል።

የቻትቦቱም ጥያቄ መልሱ እዚሁ ነው። ቻትቦት አጠቃላዩን ያውቃል፣ ይዋሽ አይዋሽ ግን አንተው ማጣራት አለብህ። የቱ ካርታ ሲታተም ጽሑፉ እንደማይነበብ፣ የቱ ቪዲዮ መሐል ላይ ኮከቦቹን እንደሚያምታታ የሚነግርህ ሞክሮ ያየ ሰው ነው። እኔ ገጽ ላይ ሰዎች ምስጋና የሚጽፉልኝ «ይህን ማኑዋል አትክፈቱ፣ የክር አገባቡ ሥዕል የሌላ ሞዴል ነው» ብዬ ባስቀመጥኳት መስመር ነው።

ደግሞ ቀንስ። ለጀማሪ ሰው የኮከብ ካርታ አታብዛበት፤ አንዱን ምረጥና ለምን እንደመረጥከው ንገረው። ያ ኤአይ የሞላልህን ሳጥን በሙሉ አጥፋው። አንተ ከፍተህ ያላየኸው ነገር በስምህ አይቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፣ ሊንክ ይሞታል። ፒው የሚባለው የጥናት ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት በ2013 ከነበሩት ገጾች 38 በመቶዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ስለዚህ አንድ ጥሩ ገጽ ስታስገባ በዚያው ቅጽበት የኢንተርኔት አርካይቭ ገጽ ማስቀመጫ በሆነው ዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጠውና የተቀመጠውን አድራሻ ከዋናው ጎን ያዝ። ነፃ ነው፣ ጊዜም አይወስድም።


ዊኪ_አርታኢ፦

ስለ ዊኪው እኔ ልመልስ። ብቻህን ጀምር። ዊኪ የሚሠራው ርዕሱ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር ሲኖረውና ለመጻፍ የሚፈልጉ ሰዎች ቀድመው ሲኖሩ ነው፣ ለምሳሌ ትልልቅ ጌሞች ላይ። ሰው ሳይኖር በሩን ከከፈትክ ቀድሞ የሚገባው ስፓም ነው። አንተ ደግሞ የምትሰጠው ምርጫ ነው፤ ሁሉም እጁን ካስገባበት ተመልሶ ረጅም ዝርዝር ይሆናል።

ወደፊት ዊኪ ካስፈለገህ ፈቃዱን እይ። ፋንደም በሚባለው የዊኪ ማስተናገጃ ላይ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለሆነ አዘጋጆቹ ገልብጠው መውጣት ይችላሉ። ማይንክራፍት የሚባለው ጌም ዊኪ አዘጋጆች በ2023 እንዲያ አድርገው ወጥተዋል። ግን አሮጌው ቅጂ እዚያው ቀረ፣ ፍለጋ ላይም ከአዲሱ ጋር ይጋፋል። ጽሑፉን ይዘህ ብትወጣም አድራሻውንና የለመደውን ጎብኚ ትተህ ነው የምትወጣው። የራስህን ዶሜይን (በስምህ የገዛኸውን የድረ ገጽ አድራሻ) እንድታገናኝ የሚፈቅድ ፖርታል ካገኘህ ከመጀመሪያው ቀን አገናኘው።


ተራ_ፋይል፦

እኔ በፖርታል ሐሳቡ ራሱ አልስማማም። ለምን ሰው ቤት ትሠራለህ? ጊትሃብ ላይ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ፋይል በሚጋሩበት ድረ ገጽ፣ «ኦሰም» የሚባሉ ዝርዝሮች አሉ፤ እያንዳንዱ በአንድ ርዕስ ላይ በሰው የተመረጠ የሊንክ ስብስብ ነው። አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው በቃ። ሌላው ሰው ለውጥ ያቀርባል፣ አንተ አይተህ ትቀበላለህ ወይም ትመልሳለህ። ከብቸኛ ገጽና ከዊኪ መሐል ያለው መንገድ ይህ ነው። ኮምፒውተርህ ላይ ከቀዳኸው ጊትሃብ ነገ ቢዘጋ እንኳ ፋይሉ ከነታሪኩ አለ።


ሌሊት_ተመልካች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባልኩት መውጫውን ፈተሽኩ። አንዱ በማርክዳውን (በተራ ጽሑፍ ፋይል ዓይነት) ሰጠኝ፣ ማስታወሻዬ በሙሉ አለ። ሌላው የሰጠኝ የአድራሻ ዝርዝር ብቻ ነው፣ እሱን ተውኩት። ተራ ፋይል፣ ሐሳብህ ገብቶኛል፣ ግን ሊንክ ይጠቁሙልኛል ብዬ የማስባቸው ሰዎች ጊትሃብ የሚያውቁ አይደሉም፤ በሩ ላይ ነው የሚቀሩት። ስለዚህ ዋናውን ኮምፒውተሬ ላይ በተራ ፋይል እጽፋለሁ፣ ፖርታሉ ላይ የሚቀመጠው ቅጂው ይሆናል።

ክርና መርፌ፣ ባንቺ መንገድ አንድ ጻፍኩ፣ እስቲ እይልኝ፦ «ሰባቱ ከዋክብት፣ ፕሌያዲስም ይባላሉ። በባዶ ዓይን ስድስት ወይም ሰባት ትቆጥራለህ፣ በባይኖኩላር ግን በአሥሮች የሚቆጠሩ ይሆናሉ። በትልቅ ቴሌስኮፕ ይህን ያህል አያምሩም፤ የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሁሉንም ባንዴ አታያቸውም።»

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የናሳን ፎቶዎች እንደልቤ ማስገባት እችላለሁ?


ክርና_መርፌ፦

ማስታወሻህን ወድጄዋለሁ። በተለይ ቴሌስኮፕ የሌለው ሰው ምንም እንዳልቀረበት የምትነግርበት ቦታ። መቼ እንደሚታዩ ብቻ ጨምርበት፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ማታ ማታ በደንብ ይታያሉ። ጀማሪ ሰው በክረምት ወጥቶ አጥቷቸው እንዳይመለስ።

ስለ ፎቶው፣ የናሳ የራሱ ፎቶዎች በአብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም፣ ምንጩን ጠቅሰህ ተጠቀም። ዓርማውን ግን አትለጥፍ። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ፎቶዎችም ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ ይፈቀዳሉ። የምትጠነቀቀው ከ1995 ጀምሮ በየቀኑ በሚወጣው «የዕለቱ የሥነ ፈለክ ፎቶ» ላይ ነው። ናሳ አድራሻ ላይ ስላለ ሁሉም ነፃ ይመስላል፣ ግን ብዙዎቹ የግለሰብ ፎቶ አንሺዎች ናቸው፣ ስማቸውም ከሥሩ ተጽፏል። ለእነሱ ሊንኩን ብቻ አስገባ ወይም ጽፈህ አስፈቅድ።

ደግሞ ሃብል የሚባለውን የጠፈር ቴሌስኮፕ ፎቶ ከፊት አታስቀምጥ። ያንን ቀለም ጠብቆ የወጣ ሰው በባይኖኩላሩ ግራጫ ጭጋግ ሲያይ ያዝናል። ሰዎች እያዩ በእርሳስ የሚስሏቸው ሥዕሎች አሉ፣ እነሱ ዓይን በእውነት ለሚያየው ይቀርባሉ፤ ሠዓሊውን አስፈቅደህ አንድ ሁለት አስገባ። ገጹ ሲከፈት አድራሻውን እዚህ ጣልልኝ፣ ሊንኮቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አይልሃለሁ።