ወደ መተከል ልወርድ ነው፤ ሰውን ለጥምቀት ያዘጋጃችሁ ምከሩኝ

የግቢ ጉባኤ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዘንድሮ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄያለሁ። ክረምቱን ከጓደኞቼ ጋር በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ወርደን የጉሙዝ ወገኖቻችንን ለጥምቀት እንድናስተምር ተመድበናል። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር (የሃይማኖታችንን መሠረታዊ ትምህርቶች) ተምሬያለሁ፤ ጥሩ ማስታወሻም አለኝ። ግን እኔ በ40 ቀኔ የተጠመቅኩ ሰው ነኝ። አድጎ፣ አስቦ፣ ወስኖ የሚጠመቅን ሰው እንዴት ነው የማዘጋጀው? ከምን ልጀምር? ዝግጁ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? ገና ሳንነሳ «ስንት ሰው ታስጠምቃላችሁ?» እያሉን ነው። እሱም አስጨንቆኛል።

ሰባኪው (ቻግኒ)

ወንድሜ፣ ይህን ሳትሄድ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። እኔ ዲያቆን ሆኜ ከደጋው የወረድኩ ነኝ፤ አሁንም በዚሁ አገለግላለሁ። መጀመሪያ ስወርድ ባንተ ዕድሜ ነበርኩ።

ቁጥሩን ተወው። ክረምት የማሽላ አረም ጊዜ ነው። ሰው ጎህ ሲቀድ ማሳ ወርዶ ሲመሽ ነው የሚመለሰው። ቀን ጉባኤ ብትጠራ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ብቻ ይመጡልሃል። ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ እሳት ዳር ተቀምጠህ አስተምር። ጥምቀቱን ደግሞ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥር አካባቢ እንዲሆን ከካህናቱ ጋር ተነጋገሩ። በሐምሌ የሞላ ወንዝ ውስጥ ማንንም አታስገቡም። የምር የፈለገ ሰው እስከዚያ ይጠብቃል፤ እናንተ ሳትኖሩም ከአስተርጓሚው ጋር እየጸለየ ይቆያል። አስተርጓሚው ከእነሱው የተጠመቀ ቢሆን መልካም ነው። የነገውን ትምህርት ዛሬ ንገረው፤ እሱ ያልገባውን ሌላው አይገባውም።

ከማስታወሻህ አትጀምር፤ ከፍጥረት ጀምር። አዳምን፣ ኖኅን፣ አብርሃምን እያልክ ወደ ጌታችን ልደት ና። ምሥጢረ ሥላሴም ምሥጢረ ሥጋዌም በየቦታቸው ይመጣሉ። እኔ ከሁሉ የምወደው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሰረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ፊልጶስ ቀርቦ ሲያስረዳው፣ ውኃ ሲያይ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ሲል። አንድ ማታ ይህን ስናገር አንድ ሽማግሌ አቋረጡኝ። «ሰውየው የዚህ አገር ሰው ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እናንተ ይህን ካወቃችሁ ስንት ዘመናችሁ ነው?» የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳስ ሆነው እንደመጡ ነገርኳቸው። ዝም አሉና «ቻግኒ ገበያ ሁልጊዜ እንገናኛለን። እኛ ጋ ለመድረስ ለምን ይህን ያህል ዘገያችሁ?» አሉ። ምን ልበል? ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ ያሉበት፣ ቅኔ የሚዘረፍበት አገር ልጅ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አንተም ስትወርድ ይህ ጥያቄ እንደሚጠብቅህ እወቅ። የተማረ ላልተማረ ሊያዝን እንደመጣ ሆነህ አትቅረባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ የክርስትና አባትና እናት። ብዙ ቦታ ያየሁት ልቤን ያሳዝነዋል። ከከተማ የመጣ አንድ ወንድም ለሃያ ሰው የክርስትና አባት ይሆናል፤ ፎቶ ይነሳል፤ በማግሥቱ ይሄዳል። ተጠማቂው ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ልጁ ሲታመም ጠበል የት እንዳለ፣ ሰው ሲሞትበት ማንን እንደሚጠራ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ስለዚህ ገና ትምህርቱ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የክርስትና አባት ወይም እናት ፈልጉ። በእግር የሚደረስበት፣ አንድ ገበያ የሚውል ሰው ይሁን። ገበሬም ነጋዴም ይሁን፣ ግድ የለም። ትምህርቱን አብሮ ይቀመጥ፤ ቤታቸው ገብቶ ይብላ፤ እነሱም እሱ ቤት ይብሉ። ደገኛና ቆለኛ እንዲህ አብረው መብላታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ አካባቢ የነበረውን ግጭት ሁላችንም እናውቃለን።

ዝግጁ መሆኑን በምን አውቃለሁ ብለሃል። እኔ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ መውጣቱን ብቻ አልመለከትም። የተጣላው ሰው ካለ ታርቋል ወይ? ደም ካለ በሽማግሌ ተይዟል ወይ? ቤተሰቡ ያውቃል ወይ? ተደብቆ የሚማር ሰው ካለ አትቸኩልበት።

ሥርዓቱንም አስቀድመህ አሳያቸው። ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን እንደሚክዱ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን እንደሚመሰክሩ፣ ሦስት ጊዜ እንደሚጠልቁ፣ ሜሮን እንደሚቀቡ፣ ለምን እንደሆነም ጭምር። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ትምህርቱን ሁሉ ጨርሳ ስትጨነቅ አየኋት። ያስጨነቃት «እኔ ውኃ ስገባ ልጄን ማን ይይዝልኛል?» የሚለው ነበር። የክርስትና እናቷ ተነስታ «እኔ» አለች። ከዚያ በኋላ ፊቷ በራ። ልጁም ከእሷ ጋር ተጠመቀ።

አጎበር ያዙ፤ ወባ አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ሳታጣሩ አትንቀሳቀሱ።

ቀሲስ (እንጅባራ)

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ሰባኪው መልካም ተናግሯል። ሁለት ነገር ልጨምር። ሁለትና ከዚያ በላይ ሚስት ያለው ሰው ይገጥማችኋል። እናንተ ፍርድ አትስጡ። ነገሩ የሴቶችና የሕፃናት ኑሮ ያለበት ስለሆነ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለካህናቱ አሳውቁ። በጥምቀቱ ዋዜማ የተነገረን እንደሆነ ሰውየውንም ቤቱንም እንጎዳለን። ሌላው፣ ተጠማቂው በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ከመቁረብ በፊት ስለሚጾመው የ18 ሰዓት ጾም ቀደም ብላችሁ አስተምሩ። ለሴቶቹ ደግሞ የወር አበባን ነገር የምታስረዳ እህት አብራችሁ ትሂድ፤ ወንድ ልጅ ይህን ሊነግራቸው አይገባም። በጥምቀቱም ጊዜ መጋረጃ ይዘጋጅላቸው።

ከማንዱራ

እኔ ጉሙዝ ነኝ። የተጠመቅኩት ተማሪ እያለሁ ነው። ሰባኪው ስለ ክርስትና አባት ያለው እውነት ነው። የእኔ የክርስትና አባት ቻግኒ ነው ያለው፤ እስካሁን ይደውልልኛል፤ በፋሲካ እሱ ቤት ነኝ። በማታው ትምህርት ግን አልስማማም። ማታ የሚመቸው ለወንዶች ነው። እናቶቻችን ማሳ ውለው፣ ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከዚያ ይፈጫሉ፣ ያበስላሉ። ማታ ብትጠሯቸው ከኋላ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ከዚያ «ሴቶቹ ትምህርቱ አልገባቸውም» ይባላል። ለእነሱ እህቶች ውኃ ወደሚቀዳበት አብረዋቸው ይሂዱ፤ እየተሸከሙ ያውሯቸው። እናቴ የተማረችው እንደዚያ ነው።

ሰባኪው (ቻግኒ)

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። የእናቶቹን ነገር እንዳልከው እናድርገው።

የግቢ ጉባኤ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ዛሬ ማታ ስብሰባ አለን። ጥምቀቱ ወደ ጥር እንዲዞር እጠይቃለሁ። ሁለት እህቶችም እንዲጨመሩ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ለተጠማቂዎቹ ነጭ ልብስ ገዝተን እንውረድ ወይ?

ቀሲስ (እንጅባራ)

ለሁሉም የሚበቃ ከሆነ ግዙ። ለግማሹ ብቻ ከሆነ ግን ይቅር፤ ያላቸውን አጥበው ይልበሱ። በገንዘቡ የክርስትና አባቶቹን የትራንስፖርት ቻሉላቸው።