የለገሃር ባቡር በ1፡87፦ መጋጠሚያ ላይ ፉርጎ ከሐዲድ ይወጣብናል፣ ዳገቱንስ እንዴት እናድርገው?

ፉርጎ87፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንክፈርት አካባቢ ስድስት ሆነን የድሮውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ሞዴል በ1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሰን፣ እየሠራን ነው። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር የምንጠቀመው ባለ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። ክፍሉ 9 በ6 ሜትር ነው። 784 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ስለሚመጣ ድሬዳዋን፣ አዋሽንና ለገሃርን ብቻ መርጠናል። እያንዳንዱ ሰው 120 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ሰሌዳ በየቤቱ ሠርቶ ያመጣል፣ እዚህ እናጋጥማለን። እስካሁን ስምንት ደርሰዋል።

ሦስት ነገር አስቸግሮናል። ባቡሩ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ሲሻገር ፉርጎ ከሐዲድ ይወጣል፣ በተለይ ወደ ኋላ ሲገፋ። ከመቆጣጠሪያው 15 ሜትር ርቀት ላይ ሎኮሞቲቩ ይዝላል፣ አንዳንዴም ቆሞ እንደገና ይነሣል። ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ያለውን ዳገት ደግሞ ግማሾቻችን በጠመዝማዛ መወጣጫ ይሠራ እንላለን፣ ግማሾቻችን አይሆንም እንላለን። ምን ትመክሩናላችሁ?

ትራቨርሳ፦
መጀመሪያ የሐዲዶቻችሁን ቁመት በካሊበር ለኩ። ስድስት ሰው ከየቦታው ሲገዛ ኮድ 70 እና ኮድ 83 የሚባሉት ሐዲዶች በቀላሉ ይደባለቃሉ፤ የመጀመሪያው 1.8፣ ሁለተኛው 2.1 ሚሊሜትር ነው። ያቺን 0.3 ሚሊሜትር የሚጎተት ፉርጎ ብዙ ጊዜ ያልፋታል። ሲገፋ ግን ከኋላ ያለው ክብደት ስለሚጫነው ጎማው በደረጃዋ ላይ ይወጣና ጠርዙ ሐዲዱን ይስታል።

ቁመቱ እኩል ከሆነ ጥፋቱ የሰሌዳው ጫፍ ነው። የጫፍ እንጨቶቹን ሁሉም በየቤቱ መቁረጥ የለበትም። አንድ ሰው ከ18 ሚሊሜትር ኮምፖርሳቶ ሁሉንም ባንዴ ይቁረጥ፣ ሁለት ሁለቱን በሞርሳ አጣብቆ አብሮ ይብሳ። ብሎን ማጥበቅ እንጂ ማስተካከል አይችልም፤ ለ8 ሚሊሜትር ብሎን የሚበሳው ቀዳዳ 9 ወይም 10 ስለሆነ ሰሌዳው በዚያው ልክ ይንሸራተታል። ቦታውን የሚይዙት የነሐስ ፒኖች መሆን አለባቸው፦ በየመጋጠሚያው ሁለት፣ በአንዱ ጫፍ ወንዱ፣ በሌላው ሴቷ፣ 40 ሳንቲሜትር ያህል ተራርቀው።

ሐዲዱን ሰሌዳዎቹ ተጋጥመው ከጠበቁ በኋላ ሳትቆርጡ አሻግሩት። ከጫፉ 5 ሚሊሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በእያንዳንዱ ሐዲድ ሥር የነሐስ ቪቴ ትከሉ፣ ራሱ የሐዲዱን ሥር እስኪነካ እያዞራችሁ ከፍታውን አስተካክሉ፣ ከዚያ በስታኞ በይዱት። መቁረጡ የመጨረሻው ሥራ ነው፣ በቀጭን ዲስክ። ከመጋጠሚያው በፊትም በኋላም 10 ሳንቲሜትር ሐዲዱ ቀጥ ያለና ለጫፉ ቀጤ ነክ ይሁን። ኩርባ ላይ የዋለ መጋጠሚያ ካላችሁ ቦታውን ቀይሩ እንጂ ለመጠገን አትድከሙ። ጣታችሁን በሐዲዱ የውስጥ ጎን ስታሳልፉ ስብራቱ ይታወቃችኋል።

ፉርጎዎቹንም መዝኑ። 14 ሳንቲሜትር የሚረዝም ፉርጎ ከ60 እስከ 80 ግራም ካልመዘነ ሲገፋ ይነሣል።

ካውያ፦
መዛሉ የሽቦ ጉዳይ ነው። ዋናው መስመር በቀጭን ሽቦ የተሠራ ይመስለኛል። ሒሳቡ ይኸው፦ 15 ሜትር መሄጃ፣ 15 መመለሻ፣ 30 ሜትር ነው። ሽቦው 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 1 ኦም ይጠጋል፤ 3 አምፔር ሲሄድበት 3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ግን የሚጠፋው 0.6 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ከሰሌዳዎቹ በታች 2.5 ዘርጉ፣ ከእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ ደግሞ ባለ 0.5 አጭር ሽቦ፣ ከ20 ሳንቲሜትር ያልበለጠ፣ ወደ ዋናው አውርዱ። የሐዲድ ማያያዣ ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ ቀለምና ኮላም ይገባበታል።

ሽቦው ተዘርግቶ ሲያልቅ በየሜትሩ ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድሙ። ዲሲሲው (ባቡሮቹን የሚነዳው ዲጂታል መቆጣጠሪያ) ወዲያው መቋረጥ አለበት። ካልተቋረጠ እዚያ ቦታ ላይ ፉርጎ ወጥቶ ሾርት ሲያደርግ ሙሉው አምፔር በጎማው በኩል ይሄዳል፤ የፉርጎ ፕላስቲክ የሚቀልጠው እንዲህ ነው። ሦስቱን ጣቢያዎች በየራሳቸው መቋረጫ ለዩዋቸው፤ ድሬዳዋ ላይ ሾርት ሲሆን ለገሃር ለምን ይቁም?

ስለ ዳገቱ ደግሞ፣
ጠመዝማዛውን ተዉት ባይ ነኝ። በ60 ሳንቲሜትር ሬዲየስ አንድ ዙር 3.77 ሜትር ነው፤ በየዙሩ 9 ሳንቲሜትር ብትወጡ 2.4 በመቶ ይሆናል። 45 ሳንቲሜትር ለመውጣት 5 ዙር፣ ወደ 19 ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ልክ የሚሄድ ባቡር ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሰወራል። ወለሉም 1 ሜትር ከ30 በ1 ሜትር ከ30 ይይዛል። አንድ ፉርጎ ውስጥ ቢወድቅ ደግሞ በ9 ሳንቲሜትር ክፍተት እጅ ሰድዶ ማውጣት ነው።

እናንተ ግን ግድግዳ አላችሁ። ዙሪያው 30 ሜትር ነው፣ ማዕዘኖቹ ሲቀነሱ 26 ያህል ይተርፋል። ለሦስቱ ጣቢያዎች ለእያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር ለጥ ያለ ቦታ ስጡ፣ ዳገት ላይ የቆመ ፉርጎ ራሱ ይሄዳልና። እውነተኛው መስመርም ያግዛችኋል፦ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ 1000 ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2300 በላይ ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ 4 ሜትር በ1 በመቶ ውረዱ፣ ከዚያ የቀረውን 14 ሜትር በ2 በመቶ ውጡ። ለገሃር ከአዋሽ 28 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ለዓይን በቂ ነው። የኩርባው ሬዲየስ ከ50 ሳንቲሜትር አይነስ፣ ዳገትና ኩርባ ሲደራረቡ ጭነቱ ይበዛልና። ወደ ዳገት መግቢያውንም አለዝቡት፦ 0.5፣ 1፣ 1.5፣ 2፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር።

ፉርጎ87፦
ካሊበሩ ነገሩን ፈታው፤ ሁለት ሰሌዳዎች ኮድ 83 ናቸው። ግድግዳውንም ተስማምተናል። የአዋሽ ድልድይ ያለበት ሰሌዳ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ከፍታ መሠራት አለበት?

ትራቨርሳ፦
ጫፎቹ ብቻ። መሃሉን ከሐዲዱ በታች ቢያንስ 35 ሳንቲሜትር አውርዱት፤ ገደል ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ አይሠራም። በሁለቱ ጎን ሙሉ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ አድርጉ፣ አለዚያ የተቆረጠው መሃል ይጎብጣል። ድልድዩን አስቀድማችሁ ሠርታችሁ በቦታው አስቀምጡና ባቡር አሳልፉበት፣ ከዚያ አንሥታችሁ የገደሉን ፎምና ጄሶ ሥሩ። ጄሶ እየደረቀ እርጥበቱን ለእንጨቱ ስለሚሰጥ፣ ሐዲዱን በመጨረሻ የምትበይዱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሁን።

ካውያ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሐዲዱን በምን ወቅት እንደምትቆርጡ። በጀርመን ክረምት፣ በጥር ገደማ፣ ማሞቂያ ሲበራ አየሩ ይደርቃል፣ እንጨት ይኮማተራል፣ ሐዲድ ግን አብሮት አያጥርም። በእዚያው አገር በጋ፣ በሐምሌ ገደማ፣ 0.5 ሚሊሜትር የተቆረጠ ክፍተት በጥር ይዘጋና ሐዲዱ ወደ ጎን ይጎብጣል። በበጋ ከቆረጣችሁ 1 ሚሊሜትር ተዉ። ክፍሉ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ ሰቅላችሁ ከ45 እስከ 55 በመቶ ጠብቁት። አዲስ እንጨትም ከመቆረጡ በፊት ሁለት ሳምንት እዚያው ክፍል ይደር።