«ኪዩብ»ን በስንት ክፍል ነው የቀረጹት?

ጠያቂ፦ ትናንት ማታ የ1997ቱን የካናዳ ፊልም «ኪዩብ»ን፣ ያንን ሰዎች እንደ ዳይ ባለ ስድስት እኩል ገጽ (ኪዩብ) በሆኑ ብዙ ክፍሎች ውስጥ ታስረው መውጫ የሚፈልጉበትን፣ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ያን ሁሉ ክፍል በምን ብር ሠሩት?

መልስ 1፦ ኧረ ክፍሉ አንድ ነው! ዳይሬክተሩ ቪንቼንዞ ናታሊ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ኪዩብ አሠርቶ የግድግዳውን ባለቀለም ገጽ እያስቀየረ ነው አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ ያስመሰለው። ቀለም መቀየር ጊዜ ስለሚበላ ቀረጻው በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቀለም ነበር። ተዋናዮቹ እንዴት እንዳልተምታታባቸው እንጃ።

መልስ 2፦ በጀቱ ወደ 350,000 የካናዳ ዶላር ነው። የኮምፒውተር ምስሎቹን የሠራላቸው ድርጅትም ገንዘብ አልጠየቀም።

መልስ 3፦ ትወናው አንዳንድ ቦታ ጩኸት ይበዛዋል እንጂ ሐሳቡ አንደኛ ነው። ጃፓኖችም በ2021 እንደገና ሠርተውታል። የ2002ቱን ተከታይ ፊልም ግን ዝለለው፣ ሙድ የለውም።

ጠያቂ፦ አይ፣ ዛሬማ ልተኛበት።