የባንክ ሶፍትዌር በየቀኑ ይለወጥ?

ጥያቄ አቅራቢው፦ ኮድ ጸሐፊውና ሰርቨር (ሶፍትዌሩ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ጠባቂው አብረው ይሥሩ፣ ለውጡም በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይውጣ የሚለው አሠራር ዴቭኦፕስ ይባላል። የፎቶ ድረ ገጹ የፍሊከር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በቀን ከ10 ጊዜ በላይ ኮድ እንደሚለቅቁ ተናግረው ብዙዎችን አስደንቀው ነበር። ፎቶ ይሁን፤ የሰው ገንዘብ ለሚይዝ ባንክስ?

የባንክ ሰርቨር ጠባቂ፦ አይሆንም። የአሜሪካው የአክሲዮን ንግድ ድርጅት ናይት ካፒታል እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 አዲስ ኮድ ይዞ ገበያ ገባ፤ በ45 ደቂቃ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። እኛ በወር አንዴ፣ እሁድ ሌሊት፣ በሦስት ፊርማ ነው የምንጭነው።

ፕሮግራመሯ፦ ጋሼ፣ ምስክርዎ ለእኔ መሰከረ። ኮዱ በ8 ሰርቨሮች ላይ በእጅ ሲገለበጥ አንዱ ተረሳ። ሌላ ሰው ያረጋግጥ የሚል ደንብም አልነበረም። በተረሳው ሰርቨር ላይ ለዓመታት የተኛ አሮጌ ኮድ ነቅቶ የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ ያዘንብ ጀመር። ስምንቱንም አመሳስሎ የሚጭን ፕሮግራም ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር።

ሰርቨር ጠባቂው፦ ልጄ፣ ያንን ፕሮግራምስ የሚጽፈው ሰው አይደለም? ሰው ቢረሳ አንዱን ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሳሳት ግን ስምንቱንም ያበላሻል።

ፕሮግራመሯ፦ እውነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ ሰርቨር፣ ለጥቂት ደንበኞች ይሞከራል። የወሩ ለውጥ ተጠራቅሞ እሁድ ከተጫነ በኋላ ሰኞ ጠዋት ቢበላሽ ግን ጥፋተኛውን ከአርባ ለውጥ መካከል እንዴት ይለዩታል?

ሌላ ተወያይ፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት አለ። በዚያ ቀን ገበያው ከመከፈቱ በፊት ስህተቱን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞቹ ደርሰው ነበር፤ ማንም ልብ አላላቸውም። ችግሩን ሲያዩ ደግሞ አዲሱን ኮድ ከ7ቱ ደህና ሰርቨሮች ላይ አነሡትና አሮጌው ኮድ በእነሱም ላይ ነቅቶ ባሰባቸው! እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያው የሚላከው ሥራ ወደ ለቀቀ ሰው ኢሜይል ነበር፤ ያወቅነው ሲስተሙ ከቆመ በኋላ ነው። ሌሊት ስልክ የሚደወለው ለማን ነው? እሱን ንገሩኝ።

ሰርቨር ጠባቂው፦ ለእኔ ነዋ! ኮዱን የጻፈው ተኝቷል።

ፕሮግራመሯ፦ እንግዲያው ተራ ውስጥ ያስገቡኝ፣ ሌሊቱን እኔም እነሣለሁ። እርስዎ ደግሞ በየሳምንቱ እንድለቅ ይፍቀዱልኝ።

ሰርቨር ጠባቂው፦ በአንዱ ሰርቨር ላይ ብቻ፣ ተራሽን ከጀመርሽ በኋላ። ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን ግን እንዳታስቢው።