ጉልበት ላይ ለገባ ስብራት ፕሌት ከታሰረ በኋላ፦ መዘርጋት፣ ማጠፍ ወይስ መርገጥ?

ጥያቄ፦
የቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍ ከነመገጣጠሚያው ወለል ተሰብሮ በውጭ ጎኑ ፕሌት በሚባል ጠፍጣፋ ብረትና በብሎን ታስሯል። 6ኛ ሳምንቱን ይዟል። ጉልበቱ ከ70 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም፤ ሲዘረጋም 10 ዲግሪ ይቀረዋል። ታካሚው ሕመሙ ስለቀለለው መርገጥ ይፈልጋል። የትኛው ይቅደም?

መልስ 1፦
መዘርጋቱ። ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጉልበት ሰውየው በቆመ ቁጥር የፊት ጭኑን ጡንቻ ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ ማነከስም ይተርፈዋል። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚዳርገው ከጉልበት ሥር የሚደረግ ትራስ ነው፤ ይመቻል፣ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቃል። ትራሱን ተረከዝ ሥር አድርጉት፣ ጉልበቱ ሳይደገፍ ለ10 ደቂቃ ይቆይ፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። በዚያው የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ ጉልበቱን ወደ ታች መጫን፣ 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ። ለማጠፉ ደግሞ ተረከዝን ፍራሹ ላይ እየጎተቱ ወደ መቀመጫ ማቅረብ። የጉልበቱን ሎሚም አትርሱት፤ ጡንቻው ላላ ብሎ ሳለ በጣት ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን አንቀሳቅሱት። ሎሚው ከተጣበቀ ጉልበቱ እሺ አይልም። እብጠቱ ጨምሮ ካደረ ልምምዱ በዝቷል።

መልስ 2፦
መርገጡን በተመለከተ፦ ሕመም መቅለሉ አጥንቱ ለመያዙ ማስረጃ አይሆንም። የሰመጠው ወለል ተነሥቶ ሥሩ በአጥንት ወይም በምትኩ ተሞልቶ ከሆነ፣ ያለጊዜው የሚጫን ክብደት መልሶ ያሰምጠዋል፤ ያኔ እግሩ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያውም ቶሎ ይበላል። እንደ ስብራቱ ዓይነት ክብደት የሚከለከለው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ነው። ራጁን አይቶ የሚፈቅደው ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ነው። ሲፈቀድ በክራንች ተደግፎ የተጎዳውን እግር ሚዛን ላይ በማሳረፍ የተፈቀደው ክብደት፣ ለምሳሌ 20 ኪሎ፣ ምን ያህል እንደሆነ እግሩን ማስለመድ ይቻላል።

ጠያቂው፦
የማይንቀሳቀስ ሳይክልስ?

መልስ 3፦
ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ኮርቻውን ከፍ አድርጎ፣ ያለ ጭነት። ሙሉ ዙር 110 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ ስለሚጠይቅ ለጊዜው ፔዳሉን ግማሽ ዙር ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝ ነው። በሜዳ ለመራመድ 65 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፤ ደረጃ ግን 90 ይፈልጋል። በትጋት ተሠርቶም ከ90 ካላለፈ በጉልበቱ ውስጥ ያለው ጠባሳ ሳይጠነክር ለሐኪሙ ይነገር። በማደንዘዣ ማጠፍ ወይም የተጣበቀውን በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ማላቀቅ ይቻላል፤ አጥንቱ ሳይይዝ በኃይል ማጠፍ ግን ብሎኑን ሊነቅል ይችላል። ከዚያ በፊት ቁስሉ ፈሳሽ ካለው፣ ጉልበቱ ከሞቀና ከቀላ፣ መጀመሪያ ኢንፌክሽን ይጣራ። ባት በድንገት አብጦ ከታመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።