የኬኔዲ ግድያ፦ በዋረን ሪፖርት ውስጥ የትኛው ቅራኔ ነው ሚዛን የሚደፋው?

ጠርጣራው

ሰላም ለሁላችሁ። የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ግድያ መርምሮ ኦስዋልድ ብቻውን ተኮሰ ያለው የዋረን ኮሚሽን 888 ገጽ ሪፖርትና 26ቱ የማስረጃ ቅጾች በብዙ ቦታ አይጣጣሙም። ጠመንጃው መጀመሪያ 7.65 ማውዘር ተብሎ ተመዝግቦ ኋላ 6.5 ካርካኖ ሆነ። ኬኔዲ የተወሰዱበት የዳላሱ ፓርክላንድ ሆስፒታል የጉሮሮውን ቁስል የጥይት መግቢያ ሲለው፣ አስከሬኑን የመረመሩት የቤተስዳ (ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የባሕር ኃይል ሆስፒታል) ሐኪሞች መውጫ አሉት። ኤፍቢአይ ደግሞ የጀርባው ቁስል መውጫ አልተገኘለትም ብሎ ጻፈ። ምስክሮችም ተኩሱ የመጣበትን አቅጣጫ ሲናገሩ አይስማሙም። ሁሉን ደምሮ «ይኸው፣ ተሸፋፍኗል» ማለት ቀላል ነው። እኔ የምፈልገው መለያውን ነው፦ የትኛው ተራ የወረቀት ስህተት ነው፣ የትኛውስ መደምደሚያውን ይነካል? ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመዝገብ ቤት ሰው

ከቀኑ ጀምር። እያንዳንዱ ሰነድ መቼ እንደተጻፈና ጸሐፊው በዚያ ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር ሳትለይ ሁለት ሰነዶችን አታጋጭ።

ጉሮሮው ዋና ማሳያ ነው። የፓርክላንዱ ዶክተር ፔሪ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት የቀደዱት እዚያው ቁስሉ ላይ ነው። አስከሬኑ በዚያው ዕለት ማታ ቤተስዳ ሲደርስ የሚታየው የሐኪም ቅድ እንጂ የጥይት ቀዳዳ አልነበረም። መርማሪዎቹ የጀርባውን ቁስል ቢፈትሹ መጨረሻውን አጡት። አጠገባቸው የነበሩት ሁለቱ የኤፍቢአይ ሰዎች፣ ሲበርትና ኦኒል፣ የሰሙትን ይዘው ወጡና ጻፉ። ዋናው መርማሪ ዶክተር ሂዩምስ ለፔሪ ደውለው ጉሮሮው ላይ ቁስል እንደነበረ የተረዱት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሁለቱ ሪፖርቶች የተለያዩት አንዱ ከስልኩ በፊት የታወቀውን፣ ሌላው ከስልኩ በኋላ የታወቀውን ስለያዙ ነው።

ይህ ቅራኔውን ያስረዳል፤ መርማሪዎቹን ግን ከወቀሳ አያድንም። አስከሬኑ ሳይነሣ ዳላስ አለመደወል፣ የጥይቱን መንገድ ከፍቶ አለመከተል፣ ረቂቅን ምድጃ ውስጥ ማቃጠል (ሂዩምስ ራሳቸው ያመኑት ነው) ከባድ ጥፋቶች ናቸው።

ለሥራው ስለ ተኩሶቹ የሚያወራውን የሪፖርቱን ምዕራፍ 3 ብቻ ያዝ። እያንዳንዱን የግርጌ ቁጥር እስከ ቅጹ ተከተለው። ምስክሩ ሪፖርቱ የሚለውን በእርግጥ ብሏል? በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቷል? ቁጥሩ የተለካ ነው ወይስ የተገመተ? ቅጾቹ ያለ ርዕስ ማውጫ ስለታተሙ አድካሚ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

ቀለህ

ማውዘሩን ተወው። የመጀመሪያውን ቃል የሰጠው የሕግ አስከባሪ ዌይትዝማን ጠመንጃውን ያየው በጨረፍታ ነው፤ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃዎች ደግሞ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ጠመንጃው ላይ ሲ2766 የሚል ቁጥርና የ6.5 ካሊበር ምልክት ተቀርጾበታል፤ ተኩሱ መጣበት ከተባለው የመጽሐፍ መጋዘን 6ኛ ፎቅ ሲነሣም በፊልም ተይዟል። ግምት ከብረት ጋር ሲጋጭ ብረቱን እመን።

ሚዛን የሚደፋው ሰዓቱ ነው። ግድያውን የቀረጸው ተመልካች፣ የዛፕሩደር ካሜራ በሴኮንድ 18.3 ፍሬም ይቀርጻል። በኤፍቢአይ ሙከራ መሠረት በዚያ ጠመንጃ በሁለት ተኩስ መካከል ቢያንስ 2.3 ሴኮንድ ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 42 ፍሬም ነው። ኮሚሽኑ ኬኔዲ በፍሬም 210 እና በ225 መካከል፣ ከፊታቸው የተቀመጡት የቴክሳስ ገዥ ኮናሊ ደግሞ ከ240 ሳይዘገይ ተመቱ ይላል። ሰፊውን ክፍተት ብትወስድ እንኳ 30 ፍሬም፣ ማለትም 1.64 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ ወይ ሁለቱን ያቆሰለው አንድ ጥይት ነው፣ ወይ ሁለተኛ ተኳሽ ነበር። ሪፖርቱ ግን ኮናሊን የመታው የትኛው ጥይት እንደሆነ መወሰን ለዋና ግኝቶቹ አስፈላጊ አይደለም ብሎ ያልፋል። በራሱ ሒሳብ አስፈላጊ ነው! ኮናሊ ራሳቸው በሌላ ጥይት ተመታሁ እንዳሉ ስለጸኑ በለሰለሰ ቃል የታለፈ ይመስለኛል።

ሒሳቡ የቆመበትን ግምትም ፈትሽ። 210 የተመረጠው ከ166 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ የዛፍ ቅጠል ከመስኮቱ የሚታየውን ይጋርድ ስለነበር ነው። የመጀመሪያው ምት ከዚያ በፊት ነበር ካልክ ክፍተቱ ይሰፋል፤ «ወይ ይህ ወይ ያ» የሚለውም ይላላል።

የጥይቱ ክብደት ላይ ስትደርስ ቁጥር ይዘህ ተከራከር። ሁለቱን አቁስሏል የተባለውና በፓርክላንድ በሽተኛ መሸከሚያ አልጋ ላይ የተገኘው ጥይት 158.6 ግሬን ይመዝናል፤ ያልተተኮሰው ከ160 እስከ 161። ልዩነቱ ቢበዛ 0.16 ግራም ነው። ከኮናሊ የወጡት ፍንጣሪዎች ከዚህ ይበልጣሉ የሚል ሰው፣ በሰውነታቸው የቀሩትንና በራጅ ብቻ የታዩትን በምን እንደመዘናቸው ይንገረን።

አንድ ወጥመድ፦ በ18ኛው ቅጽ የዛፕሩደር ፊልም ፍሬም 314 እና 315 ቦታ ተለዋውጠው ታትመዋል። የኬኔዲ ጭንቅላት ወዴት እንደተወረወረ ከዚያ አትወስን።

ሐኪም ነኝ ባይ

የጀርባውን ቁስል ቦታም አትለፈው። ቁመቱ የተለካው ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ጫፍ 14 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። አንገት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይህ ርቀት ይለዋወጣል፤ መለኪያው ከማይንቀሳቀስ የአከርካሪ አጥንት መነሣት ነበረበት። በዚያው የአስከሬን ምርመራ ወረቀት ሥዕሉ ላይ የተደረገው ነጥብ ደግሞ ከቁጥሩ ዝቅ ብሏል። የኮትና የሸሚዙ ቀዳዳዎች ከኮሌታው ጫፍ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ይወርዳሉ፤ እዚህ ግን ኮቱ ወደ ላይ ተሰብስቦ እንደነበር ፎቶዎች ያሳያሉ። በዚህ ላይ የኮሚሽኑ አባል ጄራልድ ፎርድ ረቂቁ «ጀርባ» ያለውን ወደ አንገት ጀርባ እንዲለወጥ ማድረጋቸው በ1997 ይፋ ሆኗል። ኮሚሽኑ ያተመው የአስከሬኑን ፎቶ ሳይሆን ሠዓሊ በቃል ተነግሮት የሣለውን ሥዕል ነው።

ከዚህ የሚብሰው የጭንቅላቱ ቁስል ነው። ቤተስዳ መግቢያው ከራስ ቅሉ የኋላ ጉብታ ትንሽ ከፍ ይላል አለ፤ በ1968 ፎቶና ራጁን ያዩት አራት ባለሙያዎች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወሰዱት። መርማሪዎቹ በቀድሞው ቃላቸው ጸኑ። ይህን በሰዓት ልዩነት የሚያስረዳ የለም። ለጊዜው ሁለቱም ከኋላ የተተኮሰ ስለሚሉ ተኳሹን አይለውጥም፤ የምርመራውን ጥራት ግን ያጋልጣል።

ጠርጣራው

አመሰግናለሁ። የምስክሮቹ ጆሮና የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ1979 አለ ያለው «አራተኛ ተኩስ»ስ?

ቀለህ

ጆሮ ለቁጥር እንጂ ለአቅጣጫ ደካማ ነው። ጥይቱ ከድምፅ ስለሚፈጥን መጀመሪያ የሚሰማው የራሱ ስንጥቅታ ነው፤ የጠመንጃው ድምፅ ቀጥሎ ይመጣል፤ በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች ደግሞ ያስተጋባሉ። የ1979ኙ የምክር ቤት ኮሚቴ ከቆጠራቸው 178 ምስክሮች 132ቱ ሦስት ተኩስ ሰማን ብለዋል፤ ወደ አቅጣጫው ሲመጣ ግን 78ቱ ከየት እንደመጣ አልለዩም።

አራተኛው ተኩስ የተመሠረተው በፖሊስ ሬዲዮ ቅጂ ላይ ነው፤ 95 በመቶ ተብሎለት ነበር። በ1982 ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ያቋቋመው ቡድን እዚያው ድምፅ ላይ ከሌላኛው የሬዲዮ መስመር ሾልኮ የገባ ንግግር እንዳለ አረጋገጠ። ንግግሩ የተነገረው ከግድያው አንድ ደቂቃ ያህል በኋላ ነው። 95 በመቶውን የሚጠቅስልህ ሰው ይህን ካላነሣ፣ ስለ ሾለከው ንግግር ምን እንደሚል ጠይቀው።